ከስልሳ ስድስት ያመጣ ዓይን

እኔ መጽሐፍ የማነበው ገልብጬ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ቀሪውን ቀስ ብዬ አወራችኋለሁ። ቀልድ አይደለም። እብደትም አይደለም፤ ቢያንስ ሐኪም ያየኝ ዓይኔን ብቻ ስለሆነ ስለ እብደቱ እስካሁን ማስረጃ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ አማኑኤል አጠገብ ካለ ደብር፣ የኔታ ዘንድ ነው። ተማሪው አምስት፣ መጽሐፉ አንድ። መጽሐፉ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ እኛ ዙሪያውን እንኮለኮላለን። ቀድሞ የመጣ ከግርጌው ይቀመጣል፤ ለእሱ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። ቀጥሎ የመጣ በጎንና በጎን ይቀመጣል፤ ለእሱ ፊደሉ ይጋደማል። ከሁሉ የዘገየው ከራስጌው ይቀመጣል፤ ለእሱ ፊደሉ በአናቱ ይተከላል። እኔ በልጅነቴ ለምግብ እንኳ ቀድሜ የደረስኩበት ቀን ስለሌለ ሦስት ዓመት ሙሉ ከራስጌው ተቀመጥኩ። ይኸው ለሌላው ሰው «ሀ» ጽዋ ትመስላለች፤ ለኔ ድንኳን ናት። መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ የሚሰጠኝ ሰው የባዕድ አገር ጽሕፈት የሰጠኝ ይመስለኛል።

ከግርጌው ይቀመጥ የነበረው አንዳርጌ ነው። ያን ጊዜም ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ድግስ ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ፣ የእርሻ ድንበርተኛዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ የኔን ስሕተት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አላሳፈርኩትም።

ወር በገባ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው ማኅበር አለን። የማኅበሩ አንባቢ እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ያገኘሁት ሹመት ይኸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብኮራበት አትፍረዱብኝ። ዳቦው ሲቆረስ ከመምሬ ይትባረክ ቀጥሎ የሚደርሰው ለኔ ነው። ጉሮሮዬን ስጠርግ ቤቱ ጸጥ ይላል። በቤቴ ጉሮሮዬን ብጠርግ ባለቤቴ እናኑ «ውኃ ጠጣ» ነው የምትለኝ።

ከየወሩ ንባብ በኋላ ሳትነበብ የማትቀር አንዲት አጭር ተአምር አለች። አንድ ደግ ሰው ከነበቅሎው ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ይወስደዋል፤ መልአኩ እጁን ይዞ ያወጣዋል። ቀጥላ በቅሎዋ ትወጣለች። ጆሮዋን እያራገፈች፣ ኮርቻዋ ወደ ሆዷ ዞሮ፣ ጌታዋን አሽትታ በፊት እግሮቿ ስትንበረከክ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አንዳንዱ ሰው ለማኅበሩ ሳይሆን ለበቅሎዋ የሚመጣ ይመስለኛል።

ዓይኔ መቼ እንደደከመ አላውቅም። መጀመሪያ የደከመችው ፀሐይ መስላኝ ነበር። አንድ ማለዳ አጥር ላይ የተሰጣ የዝናብ ካፖርት አግኝቼ ባርኔጣዬን አውልቄ «እንደምን አደሩ? ቤተሰቡስ? ከብቱስ?» ብዬ እስከ ጥጆቹ ጤና ጠየቅሁት። መልስ ሳጣ ተቀየምኩ። የካፖርቱን ባለቤት ሁለት ሳምንት አኩርፌው ሰነበትኩ፤ ሰውየው ግን ምን እንዳደረገኝ አያውቅም ነበር።

«አንተ ሰው፣ ዓይንህን ታከም እንጂ» ትለኛለች እናኑ።

«ለምኑ? አንቺን ለማየት ይበቃኛል።»

«እኔ በዚህ በኩል ነኝ» ትላለች ከኋላዬ።

ማንበቤን ግን አላቋረጥኩም። በምን ዓይንህ አነበብክ ትሉኝ ይሆናል። አሥራ ሁለቱን ወር ከነነጠላ ሰረዙ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቅጠሉን የምገልጠው ለመጽሐፉ ክብር ነው።

አምና ተረኛው አንዳርጌ ሆነ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ የቤቱ እመቤት ከመደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ አውርደው ሰጡኝ። ፈታሁት፤ ተሳለምኩት፤ እንደ ልማዴ ገለበጥኩት፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያን ቀን ድምፄ እንዴት እንደተቃናልኝ! የወሩን ንባብ ጨረስኩና ወደ ተአምሯ ገባሁ። ወንዙ ሞላ። ሰውየው ተወሰደ። ሰውየው ወጣ። በቅሎዋ ሦስት እግሯን አውጥታ አንድ እግሯ ሲቀራት አንዳርጌ አንገቱን ወደ መጽሐፉ አሰገገ።

«አንተዬ» አለ። ሹክ ያለኝ መስሎት ነበር፤ በረት ያለው ከብት ሁሉ ሰማው። «ይቺ እንቁራሪት የየትኛው ወር ናት?»

መምሬ ይትባረክ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው አዩት። ለካ የአንዳርጌ የልጅ ልጅ የሳይንስ መጽሐፏ እንዳይቆሽሽ እሷም በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። ገጹን ሙሉ እንቁራሪት በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ጉበቷና አንጀቷ በቀለም በቀለም ተስሎ ይታያል። የመልአኩን ተአምር ያወረድኩት ከእንቁራሪት ጨጓራ ላይ ነበር።

የተነሣውን ሳቅ አልገልጸውም። አንዲት አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «እኔን! እኔን!» ሲሉ ሰማሁ፤ ለኔ ይሁን ለእንቁራሪቷ አላወቅሁም።

«ገልብጬ ስለያዝኩት ነው» አልኩ። «እንደ ልማዴ ገልብጬ…»

«ቢገለብጧትስ» አሉ መምሬ፤ «እንቁራሪት አይደለችም ወይ?»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ገልብጬ ማንበቤ እውነት ነው። አለማየቴም እውነት ነው። እኔ ግን በአንደኛው እውነት ውስጥ ሌላኛውን ደብቄ ስንት ዓመት ኖርኩ። ሰው «ምነው፣ አልታይ አለዎት?» ሲለኝ «የለም፣ ቀጥ አድርገህ ሰጥተኸኝ ነው» እላለሁ፤ ያልፋል። በእንቁራሪቷ ግን አላለፈም። መምሬ ከኔ በሃያ ዓመት ያንሳሉ፤ ቢሆንም የንስሐ አባቴ ናቸውና ፍርዳቸው ፍርድ ነው።

«ዓይንዎን ታይተው የሐኪም ወረቀት እስኪያመጡ ድረስ አያ አንዳርጌ ያነባሉ።»

አንዳርጌ! አንዳርጌ ሲያነብ ሰምታችሁት አታውቁም። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ግድብ እንደሚሠራ ሰው እያቃሰተ ነው የሚያነሣው። «መ…ል…አ…ኩ…ም» ብሎ እስኪጨርስ ጠላው ይሻግታል። ሹመቴን ለእሱ ከማስረክብ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ በእንብርክኬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። በሚኒባስ ሄድን። ሄድን ያልኩት አንዳርጌ «መንገድ እንዳይጠፋህ» ብሎ ስለተከተለኝ ነው። ያመጣው ግን ለምስክርነት ነው፤ እኔ አንዳርጌን አውቀዋለሁ።

ከመንገድ ጀምሮ ዘዴ አውጥቻለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ የተማሪ ጆሮ ነው፤ አንዴ የሰማውን አይለቅም። ወረፋ ይዤ ከኔ በፊት የሚመረመሩት ሰዎች የሚሉትን ሁሉ በቃሌ እይዝና ተራዬ ሲደርስ አንድ ሳላስቀር አወርደዋለሁ። ብልሃቴ ራሴን አስገረመኝ። ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ ጆሮዬን ደገንኩ። አንድ ሰው ገባ፤ ጸጥታ። ሁለተኛው ገባ፤ ጸጥታ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ገቡ፤ አሁንም ጸጥታ ነው።

«አንዳርጌ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«በእጃቸው ይጠቁማሉ።»

«አይናገሩም?»

«ምን ብለው?»

ፈተናው ለካ የዝም ነው! ከነጆሮዬ ባዶ እጄን ገባሁ።

ነጭ ጋውን የለበሰች ደርባባ ሲስተር ከወንበር አስቀመጠችኝ። ከፊቴ በስድስት ሜትር ርቀት ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የሚመስል ምልክት አለ፤ አንዱ ጣቶቹን ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ያዞራል። ከላይ ያለው ብቻውን ነው፤ የሰው መዳፍ ያክላል። ወደ ታች መስመር በመስመር እያነሰ ይሄድና መጨረሻው ትንኝ ያክላል ይባላል። ይባላል ማለቴ እኔ ስላላየሁት ነው።

«አባባ፣ ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑልኝ። አይጫኑት። ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በሌላው እጅዎ ያሳዩኝ።»

ሸፈንኩ። ጣቶቼን ለአየር ያህል ትንሽ ከፈት አደረግኋቸው።

«አባባ፣ ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ አልፈትንም።»

ዘጋሁ። ትልቁን በግድ አገኘሁት። ከሱ በታች ያለው ግን ሁሉም ጭጋግ ነው። ያቺን የለመድኳትን መደበቂያ አወጣሁ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፊደል የተማርኩት ከራስጌ ነው። ቀጥ ያለ ነገር አይሆንልኝም። ሰሌዳውን ብትገለብጪልኝ…»

ትስቅብኛለች ወይ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ ተነሥታ ሄደችና ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውርዳ ገልብጣ ሰቀለችው! እንዲህ ያለ መልካም ሰው የሚገጥመኝ ሁልጊዜ ስዋሽ ነው።

«አሁንስ አባባ?»

አየሁ። ትልቁ ምልክት ከላይ ወደ ታች ወርዷል። ከዚያ ሌላ የተገኘ ለውጥ የለም። ስንት ዓመት የተሸሸግሁበት ዋሻ በአንድ ሚስማር ፈረሰ።

ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር መክደኛ ሰጠችኝ። «በቀዳዳዋ ሲያዩ ከተሻለዎት ችግሩ መነጽር የሚፈታው ነው። ካልተሻለ ከዓይኑ ከራሱ ነው።» አጮለቅሁ፤ አልተሻለም። ጠብታ ጠብ አደረጉልኝና ሐኪሙ በመብራት ውስጤን ሲያይ ቆየ።

«የዓይን ሞራ ነው፣ አባባ። በሁለቱም አለ፤ ግራው ብሷል። ግን ይወጣል።»

«በምን ይወጣል?»

«በቀዶ ሕክምና።»

ተነሥቼ ጋቢዬን ፈለግሁ፤ አጣሁት። የቆምኩት ላዩ ላይ ነበር።

ወረቀቴ ላይ ቀኝ 6/36፣ ግራ 6/60 ተብሎ ተጻፈ። አንዳርጌም ከመጣ አይቀር ብሎ ታይቶ ኖሮ በሁለቱም 6/12 ተባለ። ሻይ ቤት ገብተን እሱ ወረቀቶቹን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አሰብኩበት፤ ልቤ ቀለለኝ።

«ስማ አንዳርጌ፤ አንተ ከአሥራ ሁለት ስድስት አመጣህ። እኔ ከስልሳ ስድስት። ሁለታችንም ያገኘነው ስድስት ስድስት ነው። እንዲያውም የኔ ጥያቄው ብዙ ነበር።»

አንዳርጌ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሲያማስል ቆየ። ያሸነፍኩት መሰለኝ።

ለመምሬ ግን ወረቀቱን ማሳየት ፈራሁ። እሳቸው ከስልሳ ስድስትን እንደ ማለፊያ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። «ውጤቱ አልደረሰም» አልኩና በሚቀጥለው ማኅበር አንዳርጌ አነበበ። እያቃሰተ የወሩን ጨረሰ። እያቃሰተ ሰውየውን ከወንዝ አወጣ። ከዚያም «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብሎ መጽሐፉን ዘጋ።

ቤቱ ተያየ።

«በቅሎዋስ?» አለች አንዲት ሴት።

«የምን በቅሎ?»

«ኸረ በቅሎዋን ውኃ ውስጥ ትቷት ወጣ!»

«በቅሎ የለችም» አለ አንዳርጌ፤ ፊቱን ባላየውም ድምፁ ቀልቶ ነበር። «ከነበቅሎው ገባ ይላል፤ ስለ መውጣቷ ግን አንድ ቃል አይልም።»

ያን ጊዜ እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አላልኩም። «ከግርጌ ተቀምጦ የተማረ ሰው በቅሎ የሚያክል ነገር ዘሎ ያልፋል!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ አንዳርጌን ባገኘው ቁጥር «በቅሎዋን የት አደረስካት?» ይለው ጀመር። እኔ በልቤ ሹመቴ ልትመለስልኝ ነው እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ ከብት ወደማሰማራበት ግጦሽ መጣ። አልተቀመጠም።

«ከስልሳ ስድስት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ማርክ ነዋ።»

«ማርክ አይደለም፣ መንገድ ነው። ሲስተሯን ጠይቄያታለሁ። ስድስቱ አንተ የቆምክበት ሜትር ነው። ከበታቹ ያለው ደግሞ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ያንኑ ነገር ከስንት ሜትር እንደሚያየው ነው። ሰው ከስልሳ ሜትር የሚያየውን አንተ ስድስት ሜትር ድረስ ካልቀረብክ አታየውም።»

«ይህን ሻይ ቤት ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ!» አለ እየተቆጣ።

አላመንኩትም። ማመን ስላልፈለግሁ ተሟገትኩ። ካርቶን ላይ ያንን ባለ ሦስት ጣት ምልክት በከሰል አግድም ሣለ። «እዚህ ቁም። ስልሳ እርምጃ እሄዳለሁ» አለ። መቁጠር ጀመረ። እስከ አሥር አንዳርጌ ነበር። ሃያ ላይ ጋቢ ሆነ። ሠላሳ ላይ ነጭ ነገር ሆነ። ከዚያ ሣሩ ዋጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ጠፍቶልኝ የማያውቅ ሰው በስልሳ እርምጃ ጠፋ።

«ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ወደ ላይ!» አልኩ።

«አሁንስ?»

«ወደ ቀኝ!»

«አሁንስ?»

«ወደ ታች! ምን፣ ሞኝ መሰልኩህ?»

እርምጃው ሲቀርብ ሰማሁ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«ስንቱን አገኘሁ?» አልኩት።

«ካርቶኑ እግርህ ሥር ነው» አለኝ። «ይዤው አልሄድኩም።»

ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩ። ካርቶኑ እዚያው ነበር። ጣቴ ላይ ከሰሉ ቀረ። ሊስቅብኝ ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። እሱ ግን ተቀመጠና እኔ እስክቀመጥ ጠበቀ።

«ቢላዋ ትፈራለህ አይደል?» አለ።

«ማን? እኔ?» አልኩ። ቆየት ብዬ «በጣም» አልኩት።

«እኔም ብሆን እፈራ ነበር። እየፈራህ እንሄዳለን።»

እየፈራሁ ሄድን። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የማወራላችሁ የለኝም፤ ደፋር ሆኜ ብተርክላችሁ ደስ ባለኝ፤ ነገሩ ግን ለጀግንነት ጊዜ አልሰጠኝም። አደነዘዙኝ። ዓይኔ ላይ የሚንቀሳቀስ ብርሃን አየሁ። «ጸሎቴን ልጀምር» ስል ሐኪሙ «ጨረስን» አለ። ከባሰው ከግራ ዓይኔ ሞራው ወጥቶ በቦታው ሰው የሠራው ሌንስ ገባ ተባልኩ። ዓይኔ ታሽጎ ከጎኔ ከተኛው በሽተኛ ጋር ማምሻውን ሁሉ ስንጨዋወት አመሸን። ድምፁ ጎርናና ነውና «አባቴ» እያልኩ ምክር ጠየቅሁት፤ እሱም መከረኝ። በማግሥቱ እሽጉ ሲነሣልኝ አየሁት፤ ልጄን ያክላል።

ሲስተሯ ያቺው ናት። ሰሌዳው ፊት አስቀመጠችኝ።

«ልገልብጥልዎት አባባ?»

«ተዪው ልጄ» አልኳት። «ዛሬ እኔው ተገልብጫለሁ።»

ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። መስመር በመስመር ወረድኩ። ትንኝ ያክላል የሚባለውን ባላገኘውም ጎረቤቱን አገኘሁት። ከወረቀቱ ላይ 6/9 ብላ ስትጽፍ ከተቀመጥኩበት አየኋት። ከወንበሩ ተነሥቼ ጉልበቷን ልስም ስል እሷ እኔን ደግፋ አቆመችኝ። ቤቴ ስገባ እናኑን ትክ ብዬ አየኋት።

«ምነው እንዲህ ታየኛለህ?»

«በዚህ በኩል መሆንሽን ላረጋግጥ ነው።»

ባለካፖርቱን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ካፖርቱንም ጭምር።

ቁስሉ እስኪሽር ሁለት ማኅበር አለፈኝ። የገባልኝ ሌንስ ለሩቅ ነውና ለቅርብ የንባብ መነጽር ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ማኅበር ወረቀቴን ለመምሬ አስረከብኩ። «ስድስት በዘጠኝ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ያንብቡ።»

ጨርቁን ፈታሁ። እንቁራሪት እንደሌለችበት አረጋገጥኩ። ገለበጥኩት፤ ይህችን ለማንም አልተውም። መነጽሬን አደረግሁ። ስንት ዓመት ያላየኋቸው ድንኳኖቼ በመስመር በመስመር ተተክለው ጠበቁኝ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሰዉ ከሕመሙ ነው ብሎ አዘነልኝ። የወሩን ጨረስኩ። ወንዙ ሞላ። ሰውየው ከነበቅሎው ገባ። መልአኩ እጁን ይዞ አወጣው። ሴቶቹ ለእልልታው ነጠላቸውን አመቻቹ።

በሚቀጥለው መስመር ላይ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ይላል።

መነጽሬን ጠረግሁ። ቅጠሉን ገለጥኩ። ነጭ ወረቀት ነው። መለስኩት። ጆሮ የለም። ኮርቻ የለም። መንበርከክ የለም። ያቺ በቅሎ ከየት መጣች? ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ዓይኔ ሊደክም በጀመረበት ክረምት አንድ ወር ላይ መስመሩ ጠፍቶኝ ነበር። ሰዉ እየጠበቀ ዝም ማለት አፍሬ፣ ሰውየው ሲወጣ በቅሎዋ ሰጥማ መቅረቷ አሳዝኖኝ፣ እኔው እጄን ሰድጄ አወጣኋት። በሚቀጥለው ወር ኮርቻዋን ጨመርኩ። በሚቀጥለው አንበረከክኋት።

ቤቱ ይጠብቃል። አንድ ቃል ብናገር በቅሎዋ ትወጣለች፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሹመቴ ይጸናል። ማን ያውቃል? መጽሐፉ እንደሆነ የተገለበጠ ነው፤ ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ቀና ስል ግን አንዳርጌን አየሁት። አሁን ይታየኛል። አንገቱን አላሰገገም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ወሮቹን ሁሉ «በቅሎዋን የት አደረስካት» ሲባል የከረመ ሰው ነው።

«ወስብሐት ለእግዚአብሔር» አልኩ። መጽሐፉን ዘጋሁ።

«በቅሎዋስ?» አሉ ሦስት አራት ሰዎች አንድ ላይ።

«በቅሎዋ መጽሐፉ ውስጥ የለችም» አልኩ። «ኖራም አታውቅም። ያወጣኋት እኔ ነኝ። አንዳርጌ በትክክል ነው ያነበበው። የዘለለው ነገር የለም፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያም፣ ነገሩ አንዴ ከተጀመረ አይቀር ብዬ፣ «ሹመቱም ለሱ ይገባዋል» አልኩ።

መምሬ ጢማቸውን ያሻሉ። ወደ አንዳርጌ ዞሩ። «አያ አንዳርጌ፣ ምን ይላሉ? ያነባሉ?»

አንዳርጌ ቀና አለ። በወሮቹ ውስጥ የተጠራቀመ ሳቅ ፊቱ ላይ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት፤ በስድስት በዘጠኝ ዓይን አየሁት።

«እኔማ አልችለውም፣ አባቴ» አለ። «ሳነብ ራሴም ያንቀላፋኛል። እሱ ያንብብ። ዛሬ በመጽሐፉ ያለውን ብቻ ማንበብ እንደሚችል ታይቷል።»

መምሬ ሳቁን አፍነው ፈረዱ፤ «እሳቸው ያንብቡ። በቅሎዋ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከመጽሐፉ ትውጣ። እኔ እኮ በሌላ ቅጂ ላይ ያለች መስሎኝ ስንት ጊዜ ፈልጌያታለሁ!»

መጽሐፉን ተሳልመው ጠቀለሉት። ዳቦው ተቆረሰ፤ ከመምሬ ቀጥሎ ለኔ ደረሰኝ፤ ከፍዬ ግማሹን ለአንዳርጌ ሰጠሁት። ጠላው ዞረ። የመጀመሪያው ዋንጫ ሲጋመስ አንዳርጌ በክርኑ ጎሸመኝ።

«በል እንግዲህ» አለኝ። «ሰው ምግቡ አልዋጥ ብሎታል። ያቺን ምስኪን ከወንዝ አውጣት።»

መነጽሬን አወለቅሁ። ለእሷ አያስፈልገኝም።